ሃያኛው ብሎን

ዳቦ ቤት የሌለው መንደር አለ። ቄሱ በሦስት ሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ የሚሉበት መንደርም አለ፤ የእኛው አንዱ ነው። መኪናው ሥር ተኝቶ የሚውል ሰው የሌለው መንደር ግን በጀርመን አገር በአይፍል ተራሮች ዙሪያ ፈልጌ አላገኘሁም። ይህ ሰው እንደ ዝናባችን ለሁሉም ሳያዳላ ተዳርሷል። የእኛ ድርሻ ክቡር አቶ ፎልክማር ድሬዘን ናቸው፦ የቀድሞ የመሬት ቀያሽ፣ የዛሬ ጡረተኛ፣ የአንዲት ግራጫ ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ባለቤትና የግል ሐኪም፣ በእኔ ዕድል ደግሞ አጥር የምንጋራ ጎረቤት።

ከኮረብታው ማዶ የመኪና ውድድር ሜዳ አለ። ውድድር በሌለበት ቀን ማንም ሰው ከፍሎ በራሱ መኪና ሊዞርበት ይችላል። አቶ ድሬዘን በወር አንድ ቅዳሜ አያመልጣቸውም። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ስለተቀመጥኩ ስለ ፍጥነታቸው በእማኝነት መናገር እችላለሁ፦ ሁሉም ሰው ቀድሞናል። የሕፃን መቀመጫ የታሰረበት የቤተሰብ መኪና ሳይቀር ቀድሞን አለፈ።

«ይለፍ» አሉ አቶ ድሬዘን፣ መስተዋታቸውን በእርጋታ እያዩ። «እሱ የሚነዳው ለመቅደም ነው። እኔ የምነዳው ለመመርመር ነው።»

እውነታቸውን ነው። ስድስት ዙር ይነዱና አራት ቀን ይመረምራሉ። መንዳቱ ለምርመራው የተፈለገ ሰበብ መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

መኪናዋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢ ስትመለስ የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ በጋለበት የተያዘ ፍሬን ሲቀዘቅዝ ይጣበቃል ይላሉ። በምትኩ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ጉማጅ እንጨት ይደረጋል። ልማዱ ከደማቸው ስለተዋሐደ የባለቤታቸውን የገበያ ጋሪ እንኳ እንጨት ሳያስደግፉ አያቆሙም። ከዚያ በጎማው ላይ የተለጠፈውን የላስቲክ ፍርፋሪ እንደ ምስር ለቃሚ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ዘይቱን በሁለት ጣት አሽተው ያሸቱታል።

«እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን።

«ትንሽ ደክሞታል» አሉኝ፣ ከታማሚ ክፍል እንደወጣ ሐኪም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ረጅም ነው። ሥራው የፍሬን ድስክ፣ ፍሬኑ የሚነክሰውን ክብ ብረት፣ መፈተሽ ነው። «ጥፍር የማይይዘው ስንጥቅ መስመር ነው፤ ጥፍር የያዘው ስንጥቅ ቀብር ነው» የሚል ብሂል አላቸው። በልጃቸው ሠርግ ዕለት ወይዘሮ አነግሬት፣ ባለቤታቸው፣ ጥፍሩን እንዲቆርጡ አዘዙ። ክቡርነታቸው እንቢም እሺም ሳይሉ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው መቶ ሃያ እንግዳ በግራ እጃቸው ጨበጡ።

በእኛ አገር እሑድ ድምፅ ማሰማት ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክልም ነው። ሣር ያጨደ፣ መዶሻ ያነሳ፣ መኪና ያጠበ ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ ስሙ ይጠፋል። አቶ ድሬዘን ግን እሑድም ነጠላ ጫማ አድርገው መኪናቸው ሥር ይገባሉ። ከመንገዱ ማዶ ያሉ አንዲት ወይዘሮ ሊገሥጿቸው መጥተው ነበር።

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው፣ አቶ ድሬዘን!»

«እያየሁ ነው፣ እመቤቴ» አለ ከመኪናው ሥር የሚመጣ ድምፅ። «ማየት ድምፅ የለውም።»

የሥርዓቱ ቁንጮ የጎማ ብሎኖች ናቸው። አራት ጎማ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ብሎን፣ በድምሩ ሃያ። ዓርብ ዕለት፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ ሃያውንም ልኩ ሲደርስ «ጠቅ» በሚል የብሎን ቁልፍ ያጠብቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ጠቅታ ደብተራቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከሜዳው ሲመለሱ መኪናዋ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው እንደገና ይፈትሻሉ፤ «የጋለ ብረት ይዋሻል» ባይ ናቸው። እሑድ ከሆነ ጠቅታው እንዳይሰማ ቁልፉን በፎጣ ይጠቀልላሉ። በመካከል ሰው ካናገራቸው ደግሞ ደንቡ የማያወላዳ ነው፦ ከአንድ ይጀመራል። ፖስተኛው አንድ ዓርብ አራት ጊዜ ስላናገራቸው አሁን ደብዳቤያቸውን አጥሩ ላይ ሰክቶ በእግሩ ጣት እየተራመደ ይሸሻል።

«ዛሬስ ምን አገኙ?» እያልኩ በአጥሩ ላይ እተርባቸዋለሁ።

«ምንም።»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንም?»

«ስለምፈትሽ ነው፣ አቶ ሉትገን።»

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ሥር አለው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት መኪናዋ ስትገዛ ወይዘሮ አነግሬት የተስማሙት በአንድ ቃል ኪዳን ነው። «ጥፋቱ የመኪናዋ ሲሆን ትጠግናታለህ» አሏቸው። «ጥፋቱ የራስህ የሆነ ቀን ግን ትሸጣታለህ። እኔ መቀበር የምፈልገው አርጅቼ ነው፤ አንተንም መቅበር የምፈልገው አርጅተህ ነው።» አቶ ድሬዘን እጃቸውን ጨብጠው ማሉ። የሚምሉት ደግሞ ሊጠብቁት ነው።

ባለፈው የግንቦት ወር፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከአጥሩ ማዶ ተጠራሁ።

«አቶ ሉትገን፣ ምስክር ያስፈልገኛል።»

በፎጣ የተጠቀለለውን የብሎን ቁልፍ ይዘው በግራው የኋላ ጎማ አጠገብ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። አምስተኛውን ብሎን እያየሁ አዞሩት። ጠቅ ሊል ይገባው ነበር፤ አላለም። ሩብ ዙር ያህል ዝም ብሎ ዞረ። በዚህ ብሎን ነው ቅዳሜ ስድስት ዙር የነዱት፣ በዚህ ብሎን ነው ባለቤታቸውን ከእህታቸው ቤት አሳፍረው የመጡት። ሌሎቹ አራቱ ባይዙ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለማሰብ ከእኔ የበለጠ ዕውቀት ነበራቸው።

ወይዘሮ አነግሬት ዱቄት በነካው እጃቸው ከወጥ ቤት ወጡ። አቶ ድሬዘን ምንም ሳይጠየቁ የመኪናዋን ቁልፍ አውጥተው ዘረጉላቸው።

«የእኔ ጥፋት ነው። አላጠበቅኩትም። ነገ ገዢ እፈልጋለሁ።»

ወይዘሮ አነግሬት ሠላሳ ዓመት አስተምረዋልና ቃል ብቻ አያምኑም። «ደብተሩን» አሉ። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ተማሪ የቤት ሥራ አነበቡት። አሥራ ዘጠኝ ምልክት አለ። ሃያኛው ቦታ ባዶ ነው። ከግርጌ፣ ዛሬ ጠዋት በእርሳስ ተጽፎ፣ «ምክንያት፦ ቸልተኝነት» ይላል።

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ቀኑን አየሁ። ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

በዚያ ሰዓት ስልክ ተደውሎ ወንድሜ በኪል ከተማ መሞቱ ተነግሮኝ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኝ ወደ አጥሩ ወጣሁ። አቶ ድሬዘን በዚሁ ጎማ አጠገብ ተንበርክከው ነበር። «ዲርክ ሞተ» ከማለት በቀር የተናገርኩት የለም። ከሳጥኑ ውጭ የትም ተቀምጦ የማያውቀውን የብሎን ቁልፍ ሣሩ ላይ ጣሉት። አጥሩን ዞረው መጡና «ና፣ ቁጭ በል» አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት «እርስዎ» እየተባባልን የኖርን ሰዎች ነን። ፀሐይ እስክትገባ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ስለ መኪና አንድ ቃል ሳይተነፍሱ። በማግስቱ ወደ «እርስዎ» ተመለስን።

«ወይዘሮ ድሬዘን» አልኩ፣ «ዓርብ ዕለት ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

«አቶ ሉትገን፣ እባክዎ!» አሉ አቶ ድሬዘን፣ ደብተሩን ከባለቤታቸው እጅ ሊነጥቁ እየሞከሩ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ሰው ካናገረኝ ከአንድ መጀመር ነበረብኝ። አልጀመርኩም።»

«ለምን አልጀመርክም?» አሉ ባለቤታቸው።

አቶ ድሬዘን መልስ ለማግኘት ጎማውን አዩ። ጎማው አልረዳቸውም።

«ሰውየው አልቅሶ ገና ቤቱ ሲገባ…» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚህ ቁጭ ብዬ ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ አሳፈረኝ። ደብተሩን አጠፍኩት። ጠዋት ደግሞ ያለቀ መሰለኝ።»

 ወይዘሮ አነግሬት ከሽርጣቸው ኪስ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። «ቸልተኝነት» የሚለውን ሰረዙና ከላዩ «ጎረቤት» ብለው ጻፉ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የመኪናዋም ያንተም ካልሆነ» አሉ የመኪናዋን ቁልፍ ሲመልሱላቸው፣ «የሚሸጠው ጎረቤቱ ነው።»

አቶ ድሬዘን ነገሩን በቁም ነገር መረመሩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«በዚህ ዕድሜው ማን ይገዛዋል?»

«እንግዲያው ይቀመጥልን» አሉ ወይዘሮ አነግሬት፣ ወደ ዱቄታቸው እየተመለሱ። «ኬኩ ሲደርስ እጠራችኋለሁ።»

በቀጣዩ ወር ዓርብ አዲስ ገጽ ተገለጠ። ከሃያዎቹ ቦታዎች በላይ አንድ አዲስ መስመር ተጨምሯል፤ «ጎረቤት» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ ሳጥን አለው። አቶ ድሬዘን ደብተራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ መጡ።

«አቶ ሉትገን፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

እርሳሱ አልተንቀሳቀሰም። የፍሬን ድስክ በሚያዩበት ዓይን አዩኝ።

«ትናንት ቀኑን ሙሉ መጋረጃዎን አልከፈቱም።»

«የዲርክ ልደት ነበር» አልኩ።

ሳጥኑን ባዶውን ትተው ደብተሩን ዘጉት።

«ብሎኖቹን ገና አልነካኋቸውም» አሉ አጥሩን እየዞሩ። «ይንገሩኝ።»