ዶን ኤደልሚሮ ድንበር አይሻገሩም

[ኡሩጓይና ብራዚል የሚዋሰኑባት ከተማ፤ መኪና የማያልፍበት መንገድ። በመንገዱ መሀል ያለው ነጭ የድንበር ድንጋይ ሁለቱን አገሮች ይለያል። ወዲህ የኡሩጓያዊው ጡረተኛ ፖስተኛ የዶን ኤደልሚሮ ቤትና ትልቅ ዛፍ፣ ወዲያ የብራዚላዊቷ የእጮኛቸው የዛይራ ቤት። ከሰዓት በኋላ ነው። ዶን ኤደልሚሮ ወንበራቸውን ይዘው ሲወጡ፣ የዛይራ ወንድም ጫማ ጠጋኙ ዡራንዲር ከዛፉ ሥር ወንበሩን ለደከማቸው ሎተሪ ሻጭ አሮጊት ሲለቅ አዩ። አሮጊቷ አርፈው፣ መርቀውት ሄዱ። ዶን ኤደልሚሮ ግን ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።]

ኤደልሚሮ፦ ደግ ሠራህ። ግን ሕግ ጥሰሃል።

ዡራንዲር፦ ምን አጠፋሁ ዶን ኤደልሚሮ?

ኤደልሚሮ፦ ወንበሩ የብራዚል፣ መሬቱ የኡሩጓይ!

ዡራንዲር፦ ታዲያ ወንበሩ ፓስፖርት ያውጣ?

ኤደልሚሮ፦ አትቀልድ! አገር ማለት መሬት፣ ሕዝብና አስተዳደር ነው። በዚያ ላይ ጎረቤት አገሮች እውቅና ሊሰጡት ይገባል።

ዡራንዲር፦ እንዲያ ከሆነ የእኔም ቤት አገር ነው። መሬት አለ፣ ልጆች አሉ፣ አስተዳደሩን ሚስቴ ይዛለች።

ኤደልሚሮ፦ እውቅናውን ማን ሰጠህ?

ዡራንዲር፦ ኧረ ማንም። እሷም ገና እያሰበችበት ነው።

[ፀሐይ የዶን ኤደልሚሮን ራሰ በራ አገኘችው። ዡራንዲር ወንበሮቹን ወደ ጥላው ሳብ አደረጋቸው፤ በዚህ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው ጥላ እየተከተለ ነው። ዶን ኤደልሚሮ እያወሩ ተነሡ፣ እያወሩ ተቀመጡ።]

ዡራንዲር፦ እህቴ ግን ታሳዝነኛለች። ዛሬ ማታ ቀለበቱን እመልስለታለሁ ብላለች።

ኤደልሚሮ፦ እኔንስ ደስ ብሎኝ ነው? ስንጋባ የት እንኑር ተባብለን ተጣላን። አሁን ደግሞ "ድንበር ተሻግረህ ይቅርታ በለኝ" ትላለች። ሉዓላዊነቴስ?

ዡራንዲር፦ ውይ! እሱ የት ጋ ነው የሚያምዎት?

ኤደልሚሮ፦ በሽታ አይደለም! በራሴ ላይ የማዝዘው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ዡራንዲር፦ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዙት ግን ከእኛ በኩል ነው።

ኤደልሚሮ፦ ዳቦ ንግድ ነው፤ ይቅርታ ዲፕሎማሲ ነው።

[ጥላው ረዘመ። ዡራንዲር ወንበሮቹን አነሣ፤ ዶን ኤደልሚሮ ጣታቸውን እያወዛወዙ ተከተሉት።]

ዡራንዲር፦ ለመሆኑ የድንበሩ መስመር ስፋቱ ምን ያህል ነው?

ኤደልሚሮ፦ ስፋት የለውም! ወንዝ ወይም ተራራ ቢሆን ታየው ነበር። ይሄ በስምምነት የተሰመረ ነው፤ ዓይን አያየውም።

ዡራንዲር፦ የማይታይ ነገር እንዴት ይጠበቃል?

ኤደልሚሮ፦ በእውቀት! እኔ ዓይኔን ጨፍኜም የት እንዳለሁ አውቃለሁ። [ጨፈኑ። ዡራንዲር ከነወንበራቸው እየጎተተ ወሰዳቸው።] አትነቅንቀኝ! ይኸው፣ አየሩ ራሱ የአገሬ ነው። ሽታው እንዴት ደስ ይላል!

ዡራንዲር፦ የዛይራ ጥቁር ባቄላ ነው። አሁን ጣደችው።

[ዶን ኤደልሚሮ ዓይናቸውን ገለጡ። አጠገባቸው መስኮት ተከፈተ፤ ዛይራ አየቻቸው፣ ሳቀችና ተመልሳ ገባች።]

ኤደልሚሮ፦ ምን ያስቃታል?

ዡራንዲር፦ መጡላታ!

ኤደልሚሮ፦ ማን መጣ?

ዡራንዲር፦ እስቲ ዞር ይበሉ። ነጩ ድንጋይ ከኋላዎ ነው።

[ዶን ኤደልሚሮ ዞሩ። ድንጋዩን አዩ፣ ድንጋዩን አልፎ የረዘመውን ጥላ አዩ፣ ዡራንዲርን አዩ።]

ኤደልሚሮ፦ አንተ! በጠራራ ፀሐይ አሻገርከኝ?

ዡራንዲር፦ ኧረ በጥላ ነው! እሷ እንደሆነች "እግሩ ደጄን ይርገጥ እንጂ ይቅር ብዬዋለሁ፤ የት እንደምንኖር እራት እየበላን እንመክራለን" ብላኛለች።

ኤደልሚሮ፦ [ወደ መስኮቱ እያዩ] ቀለበቱስ?

ዡራንዲር፦ ጣቷ ላይ ነው።

ኤደልሚሮ፦ ተመስገን አምላኬ! እኔ ደግሞ ከጅል ጋር የምከራከር መስሎኝ... ዡራንዲር ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?

ዡራንዲር፦ ወንበሩን ልመልስልዎ?

ኤደልሚሮ፦ እንዳትነካው! ሮጥ ብለህ ንጹሕ ሸሚዜን ከአገሬ አምጣልኝ። እኔ ከዚህ ከተነሣሁ አፈገፈገ ትለኛለች።