ባሕር ውስጥ ለውዝ አይበቅልም

ሰው በአበላሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ በልቶ የሚጠይቅና ጠይቆ የሚበላ። የድሬዳዋ ሰው ባመዛኙ የመጀመሪያው ወገን ነው። ከየመን ይምጣ ከሞቃዲሾ፣ «አቦ ቅመስ!» ከተባለ ይቀምሳል፤ «ለመሆኑ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ሁለተኛው ጉርሻ ከወረደ በኋላ ነው። የባቡር ሐዲድ ያሳደገው ከተማ ነዋ! ከሐዲዱ ጋር የመጣው ሰው ሁሉ ድስቱን ይዞ ስለመጣ፣ እኛ ዘንድ ባዕድ ምግብ ማለት ገና ያልደረሰ ምግብ ማለት ነው። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ጠይቆ ከሚበላው ወገን ሆኜ ቀረሁ። ፈሪ ሆኜ አልተፈጠርኩም። ፈሪ የሆንኩት ካገባሁ በኋላ ነው።

ኧረ ቀስ በሉ፣ እናንተ ያሰባችሁት አይደለም።

ባለቤቴ ራሔል ለውዝ አይስማማትም። አይስማማትም ስላችሁ ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም። ግማሽ ፍሬ በስሕተት አፏ ከገባ ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይጠብባል፣ ትንፋሿ እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰች የሚከተለውን አፌን ሞልቼ አልናገረውም። በተጋባን ሰሞን ጎረቤት ቤት ብስኩት በልታ ተሸክሜያት ሮጫለሁ፤ ብስኩቱ ውስጥ የተፈጨ ለውዝ እንዳለ ማን ጠርጥሮ! እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህች ሴት የምትኖረው ለውዝ በየመንገዱ ጥግ በሚቆላበት፣ ሰው ሲጫወት እፍኝ ለውዝ ካልጨበጠ ወሬው በማይደምቅበት አገር ነው። እሷ ግን እቴ! ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ እየሳቀች ትኖራለች። ክኒኑ የእሷ፣ ፍርሃቱ የእኔ ነው። ሠርግ ስንጠራ ወጥ ቤት ዘልቄ ድስት የምመረምር እኔ ነኝ። «የጤና ቢሮ ሰው ነህ?» ተብዬ የተጠየቅሁበት ድግስ አለ።

ታዲያ በቀደም አንድ የከተማችን መዝናኛ ፓርክ የዓለም ምግብና መጠጥ ፌስቲቫል አዘጋጀ ተባለ። ራሔል ማስታወቂያውን ስልኳ ላይ አይታ፣

«እሑድ ነጩን ሸሚዝህን ልበስ፣ ዓለምን ልንዞር ነው» አለችኝ።

ዓለምን! እኔ ከሰፈራችን ፈጢራ ቤት ጋር ለመተማመን ዓመት የፈጀብኝ ሰው!

እሑድ ከሰዓት ፀሐዩ በረድ ሲል ሄድን። በአንድ በኩል የሚሽከረከረው ጎማ ይዞራል፤ ባለ መርከቡ ዥዋዥዌ ሰውን ወደ ሰማይ እየወረወረ ይቀልባል፤ ሕፃን አዋቂው ይጮሃል። ገንዘብ ከፍሎ የሚፈራ ሰው አይቼ ገረመኝ። እኔ መሬት ቆሜ በነፃ እየፈራሁ ነበር። በሌላ በኩል ድንኳኖቹ ተደርድረዋል፤ የህንድ፣ የየመን፣ የጣሊያን፣ የቻይና፣ የጅቡቲ። ጢሱ፣ ዘይቱ፣ ቅመሙ ተቀላቅሎ አንድ ላይ ይመጣብኛል። አንዱ ማንኪያ ከአንዱ ድስት ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲገባ ባየሁ ቁጥር ልቤ አብራው ትገባለች።

ዘዴ ዘይጄ ነበር። መጀመሪያ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ እኔ እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ራሔል ትበላለች። የድሮ ነገሥታት መርዝ የሚቀምስላቸው ሰው ነበራቸው ይባል የለ? እንደዚያ። ለውዝን የትም ብትደብቁት ምላሴ ያገኘዋል።

ከየመኑ ድንኳን ጀመርን። «ለውዝ አለበት?» አልኩት ቂጣ ላይ ማር የሚያፈሰውን ሰውዬ።

«የለበትም» አለኝ፤ ፊቴ ላይ ያየውን ጭንቀት ቅሬታ መስሎት ነው መሰል፣ «ግን አንተ ከወደድህ አሁኑኑ እበትንበታለሁ፣ ወላሂ!»

እጄን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝኩ ራሔልን ወደ ኋላ ጎተትኳት። ጣሊያኑ ጋ ደግሞ መጠጥ ቀረበልን፤ በረዶ የተሞላ ረጅም ብርጭቆ፣ ጫፉ ላይ የወረቀት ጥላ ተሰክቶበታል። ስሙ ለምላስ የሚያስቸግር ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ብቀምሰው ሮቃ ሆኖ ተገኘ! ያው ከልጅነታችን ጀምሮ ቀፊራ ገበያ ቆመን የምንጠጣው ኮምጣጣው የሮቃ ፍሬ ጭማቂ፣ ጥላ ይዞ፣ ስሙን ቀይሮ መጣ። «ይኼንን ጠጪ» አልኳት፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልብ።

ጉዱ የመጣው ቻይናው ጋ ነው። ምግቡን የሚያዘጋጀው ቻይናዊ አማርኛው ከ«ጥሩ» አያልፍም። እኔም በምልክት ጀመርኩ። ቅርፊት በጣቶቼ ሰበርኩ፣ ገለባውን እፍ አልኩ፣ ወደ አፌ ወረወርኩ፤ ከዚያ አንገቴን ይዤ ዓይኔን አፈጠጥኩ። ሰውዬው ፊቱ በደስታ በራ። ወደ ኋላ ሄዶ እፍኝ ሙሉ የተቆላ ለውዝ ይዞ ተመለሰና «ጥሩ! ጥሩ!» እያለ ለራሔል ዘረጋላት። ዘልዬ መሃላቸው ገባሁ። ለውዙ ተበተነ፤ ሰው ዞሮ አየን፤ ያየን ሁሉ የተጣላን መሰለው። ራሔል ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቃ፣ እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«በሰው ፊት አዋረድከኝ» አለች።

«ተዋርደሽም ቢሆን ኑሪልኝ።»

አልሳቀችም። «ስማ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለውዝ ያመመኝ ስንቴ ነው? ያንተ ፍርሃት ግን በየጉርሻው ያመኛል።»

እንደተኳረፍን እግራችን ሄዶ የጅቡቲው ድንኳን ፊት አቆመን። ሰፋ ያለ መጥበሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የገባበት፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ጥቅልል ያለ ነገር ይንጫጫል። የድንኳኑ ባለቤት ዘሃራ የምትባል ወፍራም ደስተኛ ሴት ናት፤ የድሬ ልጅ ሆና ጅቡቲ ያገባች። ሽሪምፕ ነው አለችን፤ አለማወቃችንን ስታይ «የባሕር አንበጣ በሉት» ብላ ሳቀች። ስለ ለውዝ ጠየቅኋት። ስለ ዘይቱ ጠየቅኋት። ስለ ማንኪያው፣ ስለ መጥበሻው፣ መጥበሻው ትናንት ስለዋለበት ሁሉ ጠየቅኋት።

«አቦ ወላል!» አለችኝ በመጨረሻ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ባሕር ውስጥ ለውዝ አይበቅልም!»

ተሸነፍኩ። አንዱን አንስቼ ቀመስኩ። እናንተ፣ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ለውዝ ፍለጋ ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛውን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የበላሁት ለራሴ ነው። ራሔል ሹካዋን ይዛ «አሁን ልብላ ወይስ የላቦራቶሪ ውጤት እንጠብቅ?» ትለኛለች።

«ቆይ» አልኳት፤ ላንቃዬን በላኝ። ሎሚው ነው ብዬ ውኃ ጠጣሁ። መዳፌ አሳከከኝ። ጆሮዬ ጋለ። ራሔል ፊቴን አይታ ሹካውን አስቀመጠችና በቀስታ፣

«ጀመረ» አለች።

ጀመረ! የሰማሁት ይኼን ብቻ ነው። ምድር ዞረችብኝ። «ምን በላሽ? ማን ሰጠሽ? ክኒኑ የት አለ?» እያልኩ ቦርሳዋን መበርበር ያዝኩ፤ አንደበቴ ግን እንደ ሰካራም ተያዘ። ትከሻዬን ጨብጣ ነቀነቀችኝ።

«እኔ አይደለሁም! አንተ ነህ! ከንፈርህን ንካው!»

ነካሁት። የሌላ ሰው ከንፈር ነበር።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ አባቶቻችን። መድረሱንስ ይድረስ፤ አድራሻ ተሳስቶ ይደርሳል ግን አላሉንም! ባሕርን ለጠረን እንኳ ቀርቤ የማላውቀው ሰውዬ፣ የባሕር አንበጣ ጠላቴ መሆኑን በምን ልወቀው? ራሔል ክኒኗን ምላሴ ሥር አስገባች፤ ዘሃራ መጥበሻዋን ጥላ ሮጣ ባጃጅ አስቆመች። ከዚራ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ በረርን። የመንገዱ ዛፎች ጥላ ፊቴ ላይ እየመጣ ይሄዳል፤ ትንፋሼ ማፏጨት ጀመረ። አየር በጠባብ ቀዳዳ እየለመንኩ ነበር የማስገባው።

«አትናገር። በአፍንጫህ ሳብ። እኔን እያየህ ሳብ» ትለኛለች።

አየኋት። ራሷ ታምማ ስትንፈራፈር እንኳ ያላየሁባት ነገር ፊቷ ላይ ነበር። ዓይኗ ከደረቴ አይነቀልም፤ ደረቴ ሲነሳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ደረቴ ሲዘገይ እጄን ልትሰብረው ትደርሳለች። ባጃጁ ጉድጓድ ሲገባ በሾፌሩ ላይ የጮኸችው ጩኸት በትዳራችን ሰምቼው አላውቅም። እኔ በበኩሌ ትንፋሽ በማስገባት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ከባዱን ቦታ ይዤ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። አሁን እሷ ተቀመጠችበት።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ ራሔልን ገና ከበሩ አወቀቻት። «ደግሞ ምን በላሽ አንቺ ልጅ?» ብላ ብብቷ ሥር ገብታ ወደ አልጋው ትወስዳት ጀመር!

«እሱ ነው! እሱ ነው እኮ!» ራሔል እየጮኸች እኔን ወደ ነርሷ ገፋችኝ።

መርፌውን ጭኔ ላይ ወጉኝ። ልቤ እንደ ከበሮ ደለቀ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጉሮሮዬ ተከፈተ። አየር እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ማንም ድንኳን ውስጥ አልነገረኝም። ለክትትል አስተኙኝ። ራሔል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ እዚያው ሻሹ ሥር ሳቀች።

«እንዲህ ነው የሚያደርግህ?» አለችኝ። «እኔ ስበላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁላት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ግን ንገረኝ እስቲ፤ አንበጣው ይጣፍጣል?»

ሐሰት ልናገር አሰብኩ። ሰው ከሞት ደጅ ተመልሶ ግን ወዲያው አይዋሽም። ባበጠው ምላሴ እንደምንም «በጣም» አልኳት።

«እኔ እኮ ሳልቀምሰው ነው የመጣሁት» አለች።

በማግስቱ፣ ሐኪሙ አሰናብቶኝ፣ ፌስቲቫሉ ሳይዘጋ ወሰድኳት። ዘሃራ እኔን ስታይ «አንተን እዚያው!» ብላ በእጇ አስቆመችኝና ለራሔል ሰሃኑን ሞልታ ሰጠቻት። እሷ ጣቷን እየላሰች በላች። እኔ በሚሽከረከረው ጎማ በኩል ከሩቅ ቆሜ ፈራሁላት።