ባላምባራስ አንዳርጌ እና ትልልቆቹ ሰዎች

ገብስ የማይበቅልበት ደጋ ይኖር ይሆናል፤ የቤተ መንግሥትን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው የማይበቅልበት መንደር ግን የለም። እናንተም አንዱን ታውቁታላችሁ። ከቀዬው ወጥቶ ደብረ ታቦርን ካየ ዘመን አልፎታል፤ ሚኒስትሮቹ ትናንት ምን ተባብለው እንዳደሩ ግን አንድ በአንድ ይነግራችኋል።

በጃንሆይ ዘመን መካነ ኢየሱስ ላይ መምህር ሳለሁ ለእኔ የደረሱኝ ክቡር ባላምባራስ አንዳርጌ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለነበር ማምለጫ አልነበረኝም። ስለ ማዕረጋቸው እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ባላምባራስነቱ ገና አልጸደቀም። የአገሩ ትልቅ ባለርስት ፊታውራሪ ጌጡ አንድ ቀን "ለጠቅላይ ገዥው አቀርብልሃለሁ" ብለዋቸው ነበር። እርሳቸው ታዲያ ምን በወጣቸው ይጠብቃሉ፣ ከወዲሁ ተጠሩበት። እኛም ጠራናቸው። ሰውን በማክበር የከሰረ የለም።

የባላምባራስ እምነት አጭር ነው። በዓለም ላይ የሚሆነው ሁሉ የሚሆነው አንድ ትልቅ ሰው ስለፈለገ ነው። "ነገሩ ከላይ ነው" ይላሉ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። ጨው ሲወደድ ከላይ ነው። ከንፋስ መውጫ የሚመጣው ነጋዴ ሲዘገይም ከላይ ነው። አንድ ዓመት ስማዳ ላይ በረዶ ወርዶ ባቄላውን አወደመው። ይኼ እንኳ የእግዜር ሥራ ነው ብዬ ልገላገል ስል፣ የስማዳው ገዥ በቅርቡ መሻራቸውን አስታወሱኝና "አየህ መምህር፣ ያለ ነገር አይደለም" አሉኝ።

ሬዲዮ ከእርሳቸው ጋር መስማት ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። እገሌ የተባሉ ሚኒስትር ለሥራ ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ተጓዙ ሲባል ባላምባራስ ፈገግ ይላሉ። ተጓዙ ሳይሆን አስጓዟቸው ነው ይሉኛል፣ ግድግዳው የሚሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዜና አንባቢው ካሳለ ሳሉንም ይተረጉሙታል። ርእሰ መምህራችን ጢሙን የተላጨ ጊዜማ፣ ወደ የትኛው ሹም እንደዞረ እስኪደርሱበት እንቅልፍ አጡ።

ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከልን ጌታቸው የሚባል ወጣት መምህር ይህን መታገሥ አልቻለም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠላ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ እንጂ መኳንንቱ እንዳልሆኑ፣ ሶሻሊዝም የሚባል አስተሳሰብ ዓለምን እየለወጠ መሆኑን በሰፊው አስረዳቸው። ባላምባራስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እሺ ልጄ፤ ይኸ ሶሻሊዝም ያልኸው ትውልዱ ከወዴት ነው?"

ጌታቸው ሰው ሳይሆን ሐሳብ ነው ቢላቸው አልተዋጠላቸውም። በዚያ አገር ርስት የሚገኘው መጀመሪያ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ፣ በእናትም በአባትም፣ ዘር ተቆጥሮ ነው። ዘሩ የማይቆጠር ነገር አገር ልግዛ ብሎ ሲመጣ ባላምባራስ በምን ያምኑታል? በቆጠራ ደግሞ የሚወዳደራቸው አልነበረም። የባለማዕረጎቹን ቤት ሁሉ ሰባት ትውልድ ድረስ ይዘልቁታል። የድሆቹንም ያውቁት ነበር፤ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው እንጂ።

ጠያቂው መጣ። ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከከተማው ወረድ ብሎ አንድ የገብስ ማሳ ነበራት፤ ከነልጆቿ የምታድረው በዚያች ማሳ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ፊታውራሪ ጌጡ መሬቱ የእኔ ርስት ነው ብለው ከሰሷት። ባሏን ተከትላ የመጣች ባዳ ናት አሉ። እርሷ በእናቴ በኩል ርስቴ ነው አለች፤ ዘሯን ቆጥሮ የሚመሰክርላት ግን አጣች። ከሚያውቁት ሽማግሌዎች አንዱ ታመሙ፣ አንዱ ጆሮዬ ከድቶኛል አሉ፣ አንዱ ሱባዔ ገቡ። ፊታውራሪ ግን ምስክር አላጡም። ዘር አዋቂ፣ በዚያ ላይ ማዕረግ የሚጠባበቅ፤ ከባላምባራስ የተሻለ ከየት ይመጣል? የሹመቱ ነገር ለፋሲካ እንደሚያልቅም በዚያው ላኩባቸው።

ያን ሰሞን ባላምባራስ ሬዲዮውን አልከፈቱም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ እህል አልቀምስ አሉኝ፣ ምን ነካቸው ብለው እኔን ጠየቁኝ።  በቀጠሮው ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡና አብሬያቸው እንድወርድ ለመኑኝ።

ችሎቱ ወይራ ሥር ተሰይሟል። ፊታውራሪ ከዳኛው አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸዋል፤ ወለተ ጊዮርጊስ ቆማለች። ባላምባራስ በወንጌል ማሉ። ዳኛው፣ ይህችን ሴት ከመሬቱ የሚያዛምዳት ዘር መኖሩን ያውቁ እንደሆነ ጠየቋቸው።

መጀመሪያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።  አሁን አላውቅም ሊሉ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ።

"ወለተ ጊዮርጊስን የወለደች ቦጋለች ናት" አሉ። "ቦጋለችን የወለደ ወልደ ሩፋኤል ነው። ወልደ ሩፋኤልን የወለደች ንግስት ናት። ንግስትን የወለዱ ይኸን መሬት ያቀኑት አድማሱ ናቸው።" ከዚያ ወደ ፊታውራሪ ዞሩ። "ጌታዬ፣ የንግስት ታላቅ ወንድም የእርስዎ ቅድመ አያት ናቸው። ሴትዮዋ ሥጋዎ ናት።"

 ፊታውራሪ ፊታቸው ተለዋውጦ፣ ይህን ደፍሮ ያስተማረህ ማነው አሏቸው።

"ሹመት ይሻራል ጌታዬ፤ ትውልድ አይሻርም" አሉ ባላምባራስ። 

ይኼኔ ጆሮዬ ከድቶኛል ያሉት ሽማግሌ ሁሉንም ሰምተው ኖሮ፣ ከኋላ ተነስተው እውነት ነው አሉ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ዳኛው ማሳውን ለወለተ ጊዮርጊስ ፈረዱላት። እርሷ የባላምባራስን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። ፊታውራሪ በቅሏቸውን አስጭነው ሄዱ፤ ባላምባራስነቱም አብሯቸው ሄደ። ኋላ ይህን ሳወራለት ጌታቸው፣ ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው አላልኩም ወይ አለኝ። ሰፊው ሕዝብማ አንድ ፈሪ ሰው እስኪጀምርለት ታሞ ተኝቶ ነበር።

ስንመለስ ባላምባራስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ላባቸውን ጠረጉ። ስለ ማንም ትልቅ ሰው አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

"እንግዲህ አቶ አንዳርጌ በለኝ" አሉኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

አንጀቴን በሉት። ያን ያህል ጊዜ ወሬያቸውን ስሸሽ የኖርኩ ሰው፣ ዝምታቸውን መቻል አቃተኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ባላምባራስ፣ ጠቅላይ ገዥው ሊቀየሩ ነው ይባላል" አልኳቸው። "ማን የሚሾም ይመስልዎታል?"

ቀና ብለው አዩኝ። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን መረመሩ። ከዚያ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ጀመሩልኝ።

ወደ ቤት አጭሩ መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው። እኔ በወንዙ በኩል አዙሬ ወሰድኳቸው።