የአማቴ ጉበትና የጠያቂ ቅጠል

አገራችን ሐኪም ያንሳታል የሚል ሰው መቱ ውስጥ ታሞ አያውቅም። እስኪ ይታመሙና ይዩት! «ትንሽ አመመኝ» ብለው ሳይጨርሱ የባጃጁ ሾፌር አንድ ቅጠል፣ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አንድ ሥር፣ ለጉዳይ የሄዱበት ቢሮ ጸሐፊ ደግሞ አንድ ዱቄት ታዝዝልዎታለች። ሁሉም የሚጨምሩት ማረጋገጫ አንድ ነው፤ «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም።»

እባብም ተፈጥሮ ነው።

ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡት አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ስኳር ተገኘባቸው። ሆስፒታል ክኒን ታዘዘላቸው፤ ወሬው ግን ከክኒኑ ቀድሞ ቤት ገባ። ጠያቂ ጎረፈ። ጠያቂ መቼም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብርቱካን እንዳያመጣ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ መራራ መራራውን አመጣ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር የሽፈራው ቅጠል፣ የሱቅ ጎረቤታቸው ጋሼ ታደሰ የተዘፈዘፈ አብሽ፣ የአማቴ እህት አዴ ፋጤ ደግሞ ከዳሪሙ ድረስ የግራዋ ጭማቂ በጀሪካን። «ኤቢቻ ነው! ደም ያጥባል!» አሉ፣ ግራዋውን በኦሮምኛ ጠርተው።

አማቴ ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰው ናቸው። «የአስቴርን ጠጥቼ የታደሰን ብተወው ምን ይለኛል?» እያሉ ሁሉንም ይጨልጡታል። ክኒኑንም አልተዉም፤ ሐኪምም ሰው ነው፣ ይከፋዋል። እኔ ልጄን አዝዬ ብርጭቆ አቀብላለሁ። አንዴ «አባባ፣ አልበዛም?» ብል፣ «ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል» አሉኝ።

አንድ ጠዋት፣ «በባዶ ሆድ ነው የሚሠራው» ስለተባሉ ቁርስ ሳይቀምሱ ሦስቱንም ከነክኒኑ አወራርደው ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሲሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቃቸው። «አንቺ ማነሽ?» አሉኝ። ባጃጅ ጠርቼ ሆስፒታል አደረስኳቸው። እዚያ ምን ቢሰጧቸው ጥሩ ነው?

ስኳር። ያውም በደም ሥር።

ነፍስ ሲዘሩ ወጣቷ ሐኪም ወደ እኔ ዞረች። «የሚዋጥ ነገር ሁሉ ጉበት ዘንድ ይደርሳል። ቅጠልም ይሁን ክኒን፣ ውስጡ ያለውን የሚበታትነው፣ የሚለውጠው እሱ ነው፤ ትርፉን ኩላሊት ያስወጣል። ቅጠሉ አይረባም አላልኩም፤ ስኳር የሚያወርድ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ክኒኑም ያወርዳል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲያወርዱስ?»

እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት መምህራችን ጉበት ላይ ሳይደርሱ ነው፤ ግን ገባኝ። ጉበት እንደ ቢሮ ነው፤ ባለጉዳይ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ልዩነቱ ሻይ ሊጠጣ አይወጣም። ዘመድም አያውቅም፤ የእህት ቅጠል ነው ብሎ አያሳልፍም።

ጭንቁ ቤት ስንመለስ መጣ። ቅጠል ተከልክሏል፤ ለጠያቂ ማን ይንገር? «አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ አማቴ፤ «ከከፋቸው ግን እጠጣዋለሁ።» ይጠጡታል! አውቃቸዋለሁ።

ስለዚህ ጠያቂው በተሰበሰበበት፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «መድኃኒታችሁ ከሚገባው በላይ ሠራ፤ ስኳሩን ጠራርጎ ስላወረደው ሐኪሟ ይብቃ አለች» አልኩ። ውሸት አለበት? ሁሉም ፊቱ በራ። እትዬ አስቴር «የእኔ ነው»፣ ጋሼ ታደሰ «የእኔ ነው» ሲባባሉ አማቴ በሰላም ምሳቸውን በሉ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ አንዲት ሴት ከኖፓ በሚኒባስ መጣች። ባሏ ስኳር አለበት፣ ክኒን ይውጣል፤ ወሬው ኖፓ ደርሶ፣ ያንን ሐኪም ያስደነገጠ መድኃኒት ፈልጋ ነው። ደነገጥኩ። አስቀምጬ ጉበቱንም፣ ኩላሊቱንም፣ አማቴ ከሞት አፋፍ መመለሳቸውንም ሳልደብቅ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ገባኝ እህቴ» አለችኝ። «ለራሳችሁ ልታስቀሩት ነው።»