ባለፍላሹ

እናንተ መሥሪያ ቤት ፍላሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚንጎራደድ ሰው አለ? እዚህ ወረታ ከተማ፣ እኛ ቢሮ አለ፤ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣው ታደሰ። እኔ የኮምፒውተሮቹን ቅንብር አንድ በአንድ ሳስተካክል ዓመታት ፈጀሁ። እሱ ከድሮ ኮምፒውተሩ ወስዶ ፍላሹ ላይ ያስቀመጠውን የቅንብር ፋይል ይጭንና «እሺ» የምትለዋን ይነካል፤ አለቀ! መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ ስንዱ «እሰይ፣ የኔ ጌታ!» እያሉ ከይፋግ እርጎ ያመጡለታል። ለእኔስ? አንድ ቀን አጓት እንኳ!

ቀንቼ እንዳይመስላችሁ። አንዴ ታደሰ ምሳ ሲወጣ ፍላሹን ጠረጴዛ ላይ ረሳው፤ ፋይሉን እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ጫንሁት። ሠራ! ደስታዬ ሳይበርድ ግን ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ብከፍት «ባለቤት፦ ታደሰ» ይላል። ለካ ፋይሉ ስሙንም ይዞ ገብቷል።

ወይዘሮ ስንዱ ከኋላዬ ሆነው አዩና ሳቁ፦ «ኧረ ኮምፒውተሩም ወደደው!»