ምንም ያልነኩት ሲስተር

የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት፣ ኮምፒውተሩን ነክቶ ያበላሸ ሰው አንድም አላጋጠመኝም። ሁሉም የሚበላሹት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ያውም ባለቤቶቻቸው እጃቸውን አጣምረው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ።

የእነዚህ ንጹሐን ሁሉ የበላይ ጠባቂ ክብርት «ምንም አልነካሁም» ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት አዋላጅ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሲስተር ናቸው። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ለእናቶች የኢንተርኔት መወያያ ቡድን ሲከፍት እሳቸውን ለመነ። እናቶቹ ይጠይቃሉ፣ ሲስተር ከቤታቸው ሆነው ይመልሳሉ። የእኔ ድርሻ ሰርቨሩን መጠበቅ ብቻ ነበር። ነበር!

«ልጄ፣ ሰርቨርህ ሞቷል።»

«አልሞተም ሲስተር፣ ሌሎቹ እየገቡ ነው።»

«እንግዲያው እኔን ጠልቶኛል። ምንም አልነካሁም!»

አንድ ጊዜ ምንም ሳይነኩ የዋይፋዩን ሳጥን ነቅለው ካውያ ሰክተዋል። «እኔ የነካሁት ገመዱን ነው» አሉኝ። ሌላ ጊዜ አቧራ እንዳይበላው ብለው ሳጥኑን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከድነውት ተገኙ። ፓስወርዳቸውንማ «ሰው ሳይለምደው አይቀርም» እያሉ በየሳምንቱ ይቀይሩና አዲሱን እኔን ይጠይቁኛል።

ያለፈው ማክሰኞ ግን ባሰ። እስከ ምሳ ሰዓት ሰባት ጊዜ ደወሉ። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል። ማነው የማይታመነው? እኔ ነኝ?» አጥፍተው እንዲያበሩት ነገርኳቸው። አጠፉ፣ አበሩ፤ ስክሪኑን ብቻ።

«በግራ በኩል ጥጉ ላይ ምን ይላል ሲስተር?»

«በማን ግራ?»

ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። በሰባተኛው ጥሪ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ አንዲት የአምስት ቀን አራስ ልጁ ጡት አልይዝ ብሏታል። ትናንት ጽፋልኝ አያያዙን ነግሬያት ነበር። ዛሬ እንዴት እንዳደረች ማየት አልቻልኩም።»

ምሳዬን ትቼ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ኮምፒውተሩ ቀን ላይ ነው። ከሰው ሁሉ ሰባት ወር ቀድሟል! ቀኑ ሲዛነፍበት ደግሞ፣ የሰርቨሩ መታወቂያ ጊዜው ያለፈበት እየመሰለው አልገናኝም ይላል።

«ይህን ቀን ማን ቀየረው?»

«ማንም። አንዲት ነፍሰ ጡር መቼ እንደምትወልድ ብትጠይቀኝ ወደፊት ቆጠርኩላት እንጂ።»

«ታዲያ ቆጥረው አይመልሱትም?»

«ለምን እመልሰዋለሁ? ገና አልወለደችም!»

ቀኑን አስተካከልኩ። አርባ ሦስት መልእክት ተንጋግቶ ገባ። የሆዴን ልናገር አፌን ስከፍት «ዝም በል!» አሉኝና የአራሷን መልእክት ከፈቱ። በአንድ ጣት መጻፍ ጀመሩ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና?»

«አምስት» ብላ መለሰች፤ እሷም ስትጠብቃቸው ነበር።

«ጎሽ። አይዞሽ። እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሽው?»

«እንዳሉኝ።»

እንደገና ጠየቋት። እንደገና «እንዳሉኝ» አለች። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ስልክ እዘጋ ነበር። ሲስተር አምስት ጊዜ፣ በአምስት ዓይነት አነጋገር ጠየቋት፤ አንዴም ፊታቸው አልከበደም። በአምስተኛው፣ ልጁ በጀርባው ተኝቶ አንገቱን ብቻ አዙሮ እንደሚታገል ታወቀ።

«ገላውን በሙሉ ወዳንቺ አዙሪው። ሆዱን ከሆድሽ አጋጥሚ። አሁኑኑ ሞክሪና ጻፊልኝ። እንቢ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትወስጂዋለሽ።»

የቢሮ ሰዓት ደርሶብኝ ልነሳ ስል «ቁጭ በል፣ ትጽፋለች» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

«ያዘ» የሚል መጣ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እየጠባ ነው»።

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉት ጀመር። እኔ ወንበሬን ምን ያህል እንዳስጠጋሁ ያወቅኩት ጉልበቴ ጠረጴዛውን ሲመታ ነው።

«ስንት ቀረዎት?» አልኳቸው።

«አርባ ሁለት።»

ለአለቃዬ የሲስተር ኮምፒውተር ክፉኛ እንደተበላሸና እንደምዘገይ በስልክ ነገርኩት። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብኩ።

«እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍ።»