ተርቦ፣ ሱፐርቻርጀርና ያመለጠኝ ክርስትና

የካቲት ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከዘመሮ ከተማ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሰማንያ ቀን የጠበቅኋት የክርስትና ልጄ በሌላ ሴት እጅ ከጥምቀት ውሃ ወጣች። በደሉ ይህ ነው። በዳዩን ለመለየት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ማስረጃው ሁሉ ወደ አንድ ሰው እየጠቆመ ስላስቸገረኝ ደጋግሜ መረመርሁት፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በዳይዋ እኔ ነኝ።

የተማረ ሰው መኪና መንዳት የለበትም። ያልተማረ ሰው መኪናው እንቢ ስትለው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። የተማረው ግን ለምን እንቢ እንዳለችው ስለሚያውቅ እዚያው ቆሞ ይከራከራታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ከስንዱ ነው። ስንዱ አራት ወንዶች ልጆችን በተከታታይ ወለደች። እንደምታውቁት የወንድ ልጅን ክርስትና የሚያነሣው ወንድ ነው። ስለዚህ እኔ፣ ያላገባሁትና ያልወለድሁት፣ አራት ጊዜ ጥግ ይዤ እልል ብዬ ተመልሻለሁ። አምስተኛዋ ሴት ሆነች። ስንዱ ደውላ፣ “ይቺስ ያንቺ ናት” አለችኝ። ስሜቴን በአደባባይ የማወጣ ሰው አይደለሁም፤ ስልኩን ዘግቼ የዩኒቨርሲቲ ቢሮዬን በር ቆለፍሁ። ከበሩ ጀርባ የሆነው እናንተን አይመለከትም።

ችግሩ መኪናዬ ነበረች። ሁለት በር ያላት፣ መሬት ልትነካ የደረሰች፣ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት፣ ለፍጥነት የተሠራች ትንሽ መኪና ናት። ሚስቱን የፈታ ወንድ እንዲህ ያለችውን ሲገዛ “ወጣትነቱ አገረሸበት” ይባላል፤ እኔ ስገዛት ሰዉ ስም አጣለት። ከደብረ ብርሃን አልፋ ወደ መንዝ ስትወጣ አየሩ ይሳሳባትና እንደ አስም ሕመምተኛ ታለከልካለች። ለክርስትናው በዚህ ሁኔታ መድረስ አይቻልም ብዬ ወሰንሁ። አውቶቡስ መኖሩን አውቅ ነበር... ግን ለአውቶቡስ ምርምር አያስፈልገውም።

ከሰማንያው ቀን ሠላሳውን ሱፐርቻርጀርንና ተርቦን ሳነጻጽር ከረምሁ። የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ አየር ጨምቀው ሞተሩን ማጉረስ። ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ የተያያዘ ወናፍ ነው። ነዳጁን በረገጡበት ቅጽበት ይነፋል፤ ጉልበቱን የሚወስደው ግን ሊረዳው ከመጣው ከዚያው ሞተር ነው። ሊያግዛችሁ መጥቶ ቀለባችሁን የሚጨርስ ዘመድ ካላችሁ ገብቷችኋል። ተርቦ ደግሞ የሚሽከረከረው በሚጣለው ጭስ ነው። ከማንም አይቀማም፤ አየሩ ሲሳሳም ይበልጥ ፈጥኖ እየዞረ ጉድለቱን ይሞላል። ዐመሉ መዘግየቱ ነው፤ ሲደርስም ባንዴ ነው የሚደርሰው። ስብሰባ አርፍዶ ገብቶ ሳይቀመጥ መጮህ የሚጀምር የሥራ ባልደረባ አለኝ። ተርቦ ማለት እርሱ ነው።

ለከፍታ ተርቦ ይሻላል የሚል ድምዳሜ የያዘ አሥራ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ለመካኒኬ ለተክሌ ሰጠሁት። ተክሌ የመጀመሪያውን ገጽ በዘይት በራሰ ጣቱ ገልጦ ብዙም ሳይቆይ መለሰልኝ።

“ዶክተር፣ የሚሄዱት ፒስታ፣ ጠጠር መንገድ ላይ አይደለም እንዴ? እርስዎ ሳንባዋን እያከሙ ነው፤ እኔ የምፈራው እግሯን ነው።”

ሳንባና እግር የምሕንድስና ቃላት አለመሆናቸውን በትሕትና አስረዳሁት። እሺ ብሎ ተርቦውን ገጠመ።

ዋዜማውን መሐል ሜዳ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። እውነቱን ልናገር፤ መኪናዋ በረረች። ሜዳውን፣ ገደላገደሉን፣ ያንን ሁሉ ብርድ እየሰነጠቀች ዘመሮ ስትደርስ ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። አሥራ አንዱም ገጽ ትክክል ነበር። የቀረኝ ከከተማው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው አጭር አቀበት ብቻ ነው፤ ጠጠርና አፈር።

ነዳጁን ረገጥሁ። ተርቦው እንደ ልማዱ ዘገየ። ከዚያ ባንዴ ደረሰ። የፊት ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ፣ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ወደ ቦዩ ጎተተኝ፣ ጠጠሩ እየተወረወረ ከኋላዬ የነበረውን ገበያተኛ በተነው። ወደ ኋላ ተንሸራትቼ እንደገና ሞከርሁ። ከዚያም እንደገና። በስድስተኛው ሙከራ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጎማዎቹ ሁለት ጥሩ ጉድጓዶች ቆፍረው ነበር።

በግ ይዘው ወደ ገበያ የሚወርዱ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ኋላ ላይ ሰው ሁሉ አባባ ደስታ እንደሚላቸው ሰማሁ።

“አንቺ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያው አይታይሽም? በእግርሽ ብትሄጂ እኮ አሁን ደርሰሻል።”

የመኪናዋ ጉልበት በቅርቡ ከፍ መደረጉን፣ ችግሩም ጊዜያዊ መሆኑን ነገርኋቸው።

“ታዲያ የጨመረው ጉልበት የት ሄደ?”

ጉድጓዶቹን ተመለከትን። ሁለታችንም መልሱን እያየነው ነበር። ከዚያ አባባ ደስታ በዱላቸው አየር ላይ ክብ ሠርተው፣ አዙሬ በመቀመጫዋ እንዳስወጣት መከሩኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነጥብ በጥሞና ያዙልኝ። መኪና ሽቅብ ስትወጣ ክብደቷ ወደ ቁልቁለቱ በኩል ወዳሉት ጎማዎች ይሸሻል። የእኔዋን የሚጎትቷት የፊቶቹ ናቸው፤ ሽቅብ ስንወጣ እነርሱ ቀልለው መሬት መቆንጠጥ ያቅታቸዋል። ዞራ ስትወጣ ግን ክብደቱ እነርሱው ላይ ያርፋል። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ አወጣለሁ። አብዛኞቹ ይስቱታል፤ ነጥባቸውን ስቀንስ አዝኜላቸው አላውቅም።

በኋላ ማርሽ፣ አንገቴን ጠምዝዤ፣ በእርምጃ ፍጥነት ወጣሁ። ተርቦው አንድ ጊዜ እንኳ አልነፋም። ከመንገድ ዳር አንዲት ሴት ለጓደኛዋ፣ “ዶክተሯ እየመጣች ነው እየሄደች?” ስትል ሰማኋት።

መኪናዋ ጀርባዋን ሰጥታ አጥር ሥር ስትቆም ቅዳሴው ተጀምሮ ነበር። ልጅቷ ተጠምቃ፣ ማተቧን አስራ፣ በወይዘሮ አስካለ ነጠላ ውስጥ ተኝታለች። ወይዘሮ አስካለ የስንዱ ጎረቤት ናቸው፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን፣ አንዲት ልጅ ሁለት የክርስትና እናት ሊኖራት ይችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“አይሆንም ልጄ። አንቺ አክስቷ ነሽ፤ አክስትነት ያለ ጥምቀትም ይገኛል” አሉኝ።

ስንዱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

“ድምፅሽን እኮ ሰምተን ነበር፣ እትዬ። ቄሱም ጠብቀውሽ ነበር። ‘መጣች፣ መጣች’ እንላለን፤ መኪናው ያገሳል፤ ድምፁ ግን እዚያው ነው።”

ከዚያ በድግሱ ላይ፣ ወጥ እያወጣች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ ከእንግዲህ መውለድ እንደበቃት ተናገረች። አራት ወንድና አንዲት ሴት ለአንድ ቤት በቂ ነው አለች። ለአንድ ቤት በቂ መሆኑን አልክድም። እኔ ግን ያለሁት ሌላ ቤት ነው።

ስለዚህ ስንዱ፣ ይህን ጋዜጣ ባልሽ እንደሚገዛልሽ አውቃለሁና በአደባባይ እጠይቅሻለሁ፤ ስድስተኛ ትወልጃለሽ ወይስ አትወልጂም? “እግዚአብሔር ያውቃል” የሚለውን መልስ አልቀበልም። እርሱ እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት አንቺን ነው። መልሱ አዎ ወይም አይ ይሁን፤ እስከ ሆሳዕና ድረስ ይድረሰኝ። አዎ ካልሽ ደግሞ ሴት ትሁን። በሰባ ዘጠነኛው ቀን በአውቶቡስ መጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ አድራለሁ።